ብሎንና በቆሎ

ዶክተር የተባለው ልጅ አፌን በመብራት እያየ የሚያወራው ከልጄ ጋር ነው። «ዕድሜያቸው ስንት ነው?» ይለዋል። «ሰባ ሁለት» ይላል ላቀው። «ስኳር አለባቸው?» «የለባቸውም።» «ምን ምን ይበላሉ?» አፉ የኔ፣ ድዱ የኔ፣ ቁስሉ የኔ፤ የሚጠየቀው ሌላ። ገበያ ላይ በሬ ሲገዛ እንዲህ ነው። ገዥው ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያይና ነገሩን ከባለቤቱ ጋር ይጨርሳል። በሬውን የሚጠይቀው የለም። እጁ አፌ ውስጥ ባይሆን ኖሮ እዚያው እመልስለት ነበር።

እጁን ሲያወጣ፣ «ልጄ፣ ዕድሜዬን እኔን ጠይቀኝ። ላቀው እኔ ስወለድ አልነበረም» አልኩት።

ሳቀ። «እሺ እማማ» አለኝና ዞሮ ለላቀው፣ «በዚህ ዕድሜ የሚወልቀው ጥርስ ይበቃቸዋል። የታችኛውን ትንሽ ሞርደን እናስተካክለዋለን» አለው።

ይህ የሆነው ፍኖተ ሰላም ነው። ዶክተሩ ተስፋው ይባላል፤ ከባሕር ዳር በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ እየመጣ ጥርስ ያክማል። እኔ ካሰች እባላለሁ። ቡሬ ላይ፣ ከነቀምት መገንጠያው ዝቅ ብሎ፣ የእህል መጋዘን አለን። ባሌ በሞተ ጊዜ በሁለት አህያ የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ በሩ ላይ የተጻፈው የላቀው ስም ነው አሉ። እኔ አላነበብኩትም፤ ፊደል አልቆጠርኩም። እህል ግን አውቃለሁ። የወምበርማም ሆነ የቋሪት ገበሬ «እሜት ካሰች ቀምሰውታል» ካለ ገዥው ጆንያ አያስፈታም ነበር። ነበር ነው አሁን ነገሩ።

እህል በጥርስ ነው የሚታወቅ። አንዲት ፍሬ በቆሎ አንሥተህ በመንጋጋህ መካከል ታስቀምጥና ቀስ ብለህ ትጫናለህ። የደረቀው «ቀጭ» ብሎ ይሰነጠቃል፤ ድምፁ ጆሮህ ሥር ይደርሳል። ርጥቡ ድምፅ የለውም፤ ይጨፈለቅና ጥርስ ላይ ይለጠፋል። እነዚህን ሁለቱን ማንም ይለያል። ክፉው ውጩ ደርቆ እምብርቱ ያልደረቀው ነው። እሱ ሲጀምር እንደ ደረቅ ይሰነጠቃል፣ መጨረሻው ላይ ይለዝባል። ያን መጨረሻውን መስማት ነው ሙያው። እኔ እሰማው ነበር። አንድ ፍሬ ነክሼ «ሦስት ቀን ፀሐይ ይቀረዋል» እል ነበር፤ ሦስት ቀን ይቀረዋል።

ጥርሶቼ አንድ በአንድ ሄዱ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ከአምስት ዓመት በፊት አስነቀልኩና የሚወልቅ ጥርስ ተሠራልኝ፤ ላይና ታች፣ ሮዝ ድድ ያለው፣ ማታ ማታ ውኃ ውስጥ የሚያድር። የላዩ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ይውላል፤ እሱን አልወቅስም። የታችኛው ግን አፌን ቤቴ ብሎ አያውቅም። ስናገር ይነሣል። ስበላ ፍርፋሪ ከሥሩ ይገባና ይቆረቁረኛል። የቆረብኩ ቀን ደግሞ ከአፌ ምንም እንዳይወጣ ብዬ፣ ድዴን እየላጠው እስከ ማታ ችዬው እውላለሁ። አንድ ቀን መጋዘን ውስጥ የእህል ብናኝ አስነጠሰኝና ተፈናጥሮ ከበቆሎ ክምር ላይ ዐረፈ። ክምሩ እየተናደ ነበርና ዋጠው። አበጣሪዋ ደስታነሽ በሰፌድ፣ ወዛደሮቹ በእጃቸው፣ ግማሽ ሰዓት ጥርሴን ፈለጉ። አንዱ ወዛደር አንድ ፍሬ በቆሎ አንሥቶ፣ «እሜት፣ ይቺ ከእርስዎ ናት ወይስ ከወምበርማ?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ።

ይህ ሁሉ ይቻላል። ያልተቻለኝ እህሉ ነው። በዚያ ጥርስ ስነክስ ፍሬዋ ሳትሰነጠቅ ጥርሱ ይሸሻል፤ በላስቲክ ጫማ መሬት እንደ መዳሰስ ነው። ደረቁም ርጥቡም አንድ ሆነብኝ። «አልሰማሁትም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሠላሳ ዓመት «እሜት ካሰች ቀምሰውታል» የተባለልኝ ሴት በየትኛው አፌ እንዲያ እላለሁ። እየዘገንኩ፣ እያሸተትኩ፣ እየገመትኩ፣ በጥርሴ ያወቅሁ እያስመሰልኩ ኖርኩ። ግምቴም አላሳፈረኝም፤ እስከ ካቻምና ጥር።

ካቻምና ጥር የወምበርማው ያረጋል አንድ አይሱዙ ሙሉ በቆሎ አመጣ። ነከስኩ፤ ምንም አልሰማሁም። «ደርቋል፣ አስገቡት» አልኩ። በሃያ ቀኑ ጆንያዎቹ እንደ ታመመ ሰው ግንባር ተኮሱ። ሲፈቱ ውስጡ አረንጓዴ ሻጋታ ነው። መጋዘኑ በሙሉ ሸተተ፤ የጎረቤት ሱቆች ሳይቀሩ አፍንጫቸውን ያዙ። ወሬው ከኛ ቀድሞ ወምበርማ ገባ፤ የያረጋል በቆሎ ጆንያ ውስጥ የሚተኩስ ነው ተባለና ሌላ ነጋዴም እምቢ አለው።

ላቀው አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ይህ ልጅ ሲከፋው «አንቺ» ማለቱን ትቶ «እርስዎ» ይለኛል። «እርስዎ ይረፉ እንግዲህ» አለኝ። በሳምንቱ እንደ ራዲዮ ያለች፣ እፍኝ እህል የምትጎርስ፣ ቁጥር የምታወጣ የእርጥበት መለኪያ ገዛ። ከሚዛኑ አጠገብ የምቀመጥበትን ዱካዬን አንሥቶ በሩ ጋ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ገበሬው ሲመጣ እኔን ጤና ይስጥልኝ ብሎ ያልፍና ወደ ራዲዮዋ ይሄዳል።

እንግዲህ ፍኖተ ሰላም የሄድነው ለድዴ ቁስል ነው። ዶክተሩ ሞርዶ ሊሸኘኝ ሲል ዐይኔ ግድግዳው ላይ ዐረፈ። መንጋጋ የተሣለበት ወረቀት ነው፤ ጥርሶቹ ከሥራቸው ብሎን አላቸው።

«ያ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ኢምፕላንት ይባላል እማማ፤ አጥንት ውስጥ የሚተከል። ለእርስዎ አይሆንም፣ ይከብድዎታል።»

«ለማን እንደሚሆን አልጠየቅኩህም። ምን እንደሆነ ንገረኝ።»

ነገረኝ። ብሎኑ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ አራት ወር ይጠበቃል፤ አጥንቱ ዙሪያውን ያድግና ይይዘዋል፤ ከዚያ ጥርሱ በላዩ ይታሰራል።

«ይነቃነቃል?»

«ከያዘ አይነቃነቅም።»

«ሳስነጥስ ይወጣል?»

«እኛ ካልፈታነው አይወጣም።»

«በቆሎ ይሰነጥቃል?»

ዶክተሩ ላቀውን አየው። ላቀው መሬት አየ።

«እማ፣ ተዪ እስቲ» አለኝ ልጄ። «ለምግብ ከሆነ ሥጋውን እናስከትፍልሻለን፣ ቆሎውን እናስፈጭልሻለን። ምን ጎደለብሽ?»

«ስለ ምግብ ማን አወራ» አልኩት።

ራጅ አስነሣኝ። የዶክተሩ ፊት ራጁን ሲያይ ተለወጠ፤ ከፊት ለፊት ያለው አጥንቴ አልሳሳም፣ ለአራት ብሎን ይበቃል አለ። «የገበዝ ማርያም አጥንት ነው» አልኩት፤ እዚያ ነው የተወለድኩ። በኋላ ወረቀት አምጥቶ እስኪርቢቶውን ለላቀው ሲሰጥ፣ እጁን ያዝኩት።

«የማን አፍ ነው?»

«እርስዎ ስለማይጽፉ ነው እማማ።»

«ጣት አለኝ። መጀመሪያ አንብብልኝ።»

ሦስት ገጽ ነው፤ እስከ መጨረሻው አስነበብኩት። «ላይሳካ ይችላል» የሚለውን ሁለቴ አስደገምኩት። ከዚያ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። ገበሬ ዘንድ ያስቀመጥኳቸው ሁለት በሬዎች ነበሩኝ፤ እነሱን ሸጥኩ። ከላቀው ምንም አልጠየቅኩም። ብጠይቀው «ምን ጎደለብሽ» ማለቱን ይደግምልኝ ነበር።

ብሎኖቹ የገቡት ከመስቀል በኋላ ነው። ማደንዘዣው ሕመሙን ይዞልኛል፤ ድምፁን ግን አልያዘም፤ ወፍጮ ቤት ራሴ ውስጥ የተተከለ ይመስላል። ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ። የድሮውን የታች ጥርስ ከሥሩ ፈልፍሎ ለስላሳ ነገር ቀብቶ መለሰልኝና፣ «እስከ ጥር ጠንካራ ነገር የለም። ገንፎ፣ አጥሚት፣ ሾርባ» አለ። ይህንንም የተናገረው ለላቀው ነው። ላቀው ራሱን ነቀነቀ። ገንፎውን የምበላው እኔ።

ኅዳር ላይ አዲሱ በቆሎ መግባት ጀመረ። ያረጋልም መጣ። ራዲዮዋ ርጥብ ነው አለችው፤ ላቀው አልቀበልም አለው። ሰውየው በሩ ጋ ወደ ተቀመጥኩበት መጥቶ እፍኝ በቆሎ ዘረጋልኝ።

«እሜት፣ ይቺ ዕቃ በቆሎዬን አማችብኝ። እኔ ከእርስዎ ጥርስ ሌላ ዳኛ አላውቅም። ካቻምናም የፈረዱልኝ እርስዎ ነዎት።»

ይህን ያለው ሊያከብረኝ ይሁን ሊነካካኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ወዛደሮቹ ቆመው ያያሉ። ደስታነሽ ሰፌዷን ይዛ ከኋላው በዐይኗ «ተዪው» ትለኛለች። «ታክሜያለሁ፣ እስከ ጥር አልነክስም» ማለት ይቻል ነበር። አራት ቃል ነው። እኔ አንዷን ፍሬ አንሥቼ በግራ በኩል ነከስኩ።

የተሰማኝ የበቆሎው አይደለም። ከአጥንቴ ውስጥ አንድ ነገር ተናጋ፤ ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ወጣ። እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁና «ዕቃዋ ያለችውን ስማ» አልኩት። ያረጋል በቆሎውን እንደገና ጫነ። ሲሄድ ደኅና ይዋሉ አላለኝም።

ቅዳሜ ዶክተሩ ብሎኑን በጣቱ ሲነካው ዞረለት።

«ምን በልተው ነው?»

«ቂጣ።»

«ይህን ቂጣ አያደርገውም እማማ።»

ላቀው ያን ቀን ፍኖተ ሰላም ያደረሰኝ ቢሆንም ለጭነት ጉዳይ ውጭ ስልክ ይዞ ነበር። ብቻችንን ነን። እንደ ካቻምናው ልገምት፣ ላስመስል፣ የሆነ ነገር ልቀባጥር አሰብኩ። ታከተኝ። «በቆሎ ነክሼ ነው» አልኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ድምፁን፣ ላስቲክ ጫማውን፣ ሻጋታውን፣ ዱካዬን። ልጁ መጀመሪያ ቆሞ ነበር፤ በኋላ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው።

«እሜት ካሰች» አለኝ፤ ስሜን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ እማማ ማለቱን ተወ። «ልንገርዎትና ቢከፋዎትም ይስሙኝ። የራስዎ ጥርስ ከሥሩ የሚሰማ ነገር ነበረው። ይህ ብሎን ነው፤ በራሱ አይሰማም። የሚሰሙት በአጥንትዎ ነው። እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልዋሽዎትም።»

«ጨርሶ ሳይሰማ ይቀራል?»

«ከሚወልቀው ይሻላል። ምን ያህል እንደሚሻል እርስዎ ነዎት የሚነግሩኝ።»

የላላውን አወጣው። ቁስሉ እስኪሽር ጠብቆ ጥር ላይ ከጎኑ ሌላ ተከለ። እንደገና ገንፎ። እንደገና አጥሚት። ላቀው መኪና ውስጥ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ አንዲት ቃል ተናገረ፤ «እርስዎ ለምን ሰው አይሰሙም?» አለኝ። ልክ ነበር።

ግንቦት ላይ ጥርሱ ታሰረልኝ። ዶክተሩ መስተዋት ሰጠኝና መመሪያውን፣ በዚህ ጊዜ ለኔ፣ ነገረኝ፤ በክር በሥሩ ማጽዳት፣ በየስድስት ወሩ መታየት፣ ጠንካራ ነገር አለማዘውተር።

«በቆሎስ?» አልኩት።

«ባይሞክሩት ነው የምመርጥ።»

«ለምርጫህ አልመጣሁም።»

ተከራከርን። እሱ አንድም አይሆንም አለ፣ እኔ በገበያ ቀን አሥር ፍሬ አልኩ። በመጨረሻ፣ «በጎን ሳይሆን ብሎኑ ባለበት፣ እየተጫኑ፣ ሳይፈጩ፣ በቀን ከሦስት ፍሬ ሳይበልጥ» አለ። ሦስት ይበቃል። ሞያ ላለው አንድም ይበቃ ነበር።

ቤት እንደገባሁ በርበሬ አሽትቼ አስነጠስኩ። ሦስት ጊዜ፣ ዐይኔ እስኪጠፋ። ጥርሱ የትም አልሄደም። ብቻዬን ሳቅሁ፤ አፌን ሳልሸፍን።

በነጋው አንድ ፍሬ ነከስኩ። ልክ ነው ዶክተሩ። ድምፁ የድሮው አይደለም። ድሮ «ቀጭ» የሚለው አሁን አገጬን እንደሚያንኳኳ ሰው ነው። ያውም ከታች ብቻ፤ ከላይ ያለው የሚወልቀው ነውና ዝም ይላል። በሬዎቼን ሸጬ፣ ስምንት ወር ገንፎ ውጬ ያገኘሁት ይህ ነው ብዬ ጓዳ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ደስታነሽ ናት ያስነሣችኝ። «እሜት፣ መጀመሪያስ ሲማሩት በአንድ ቀን ነው እንዴ የተማሩት?» አለችኝ። አበጣሪ ናት፤ እጇ ከአፏ ይፈጥናል። ሦስት ጣሳ በቆሎ አዘጋጀች፤ አንዱን ፀሐይ ላይ ስታደርቀው ሰነበተች፣ አንዱን በርጥብ ጨርቅ አሳደረችው፣ አንዱን በሁለቱ መሀል፣ ላዩ ብቻ እስኪደርቅ አሰጣችው። ዐይኔን አስሬ ከየጣሳው አንዳንድ ፍሬ ትሰጠኛለች። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስቱንም ሳትኩ። ልሰድባት ደረስኩ። በሁለተኛው ሳምንት ርጥቡን ያዝኩ፤ ብሎኑ ላይ ከባድ ሆኖ ይቀመጣል። ደረቁ ቀሎ ያንኳኳል። የመሀሉ ነው ያስቸገረኝ። አንዳንድ ቀን መጨረሻው ላይ ያ ልዝባት ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን አይመጣም። ሲመጣ ነገርኳት። ሳይመጣ መገመት ጀመርኩና፣ «አይገምቱ እሜት፣ ግምትዎንማ ካቻምና አየነው» አለችኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ በዱካው እመታው ነበር።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ጀመረና ገበያው ቀዘቀዘ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ላቀው ሚዛኑ ላይ ተደግፎ ስልኩን ሲነካካ አገኘሁት። ወዛደሮቹ ጆንያ ላይ ተጋድመዋል።

«ሦስት እፍኝ አምጣ» አልኩት። «በዕቃህ ለካ፤ ቁጥሩን አትንገረኝ።»

«እማ፣ ዝናብ ነው፤ ቤት ግቢ።»

«ሦስት እፍኝ።»

እያጉረመረመ አመጣ፤ ለሕፃን እንደሚታዘዙት። ለካና ሦስት ኩባያ ላይ አደረገልኝ። ወዛደሮቹ ቀና አሉ። ደስታነሽ ማበጠሯን አቆመች።

ከመጀመሪያው አንድ ፍሬ ነከስኩ። «ደርቋል።» ከሁለተኛው ነከስኩ። ሲሰነጠቅ ደረቅ ይመስላል፤ ዝም ብዬ ጠበቅሁት፤ መጨረሻው ላይ አጥንቴ ውስጥ ለዘብ አለ። «ይህ ውስጡ አልደረቀም። ጆንያ ከገባ ይተኩሳል» አልኩ። የላቀው ፈገግታ ጠፋ። ከሦስተኛው ነከስኩ። ሰማሁ መሰለኝ፣ አልሰማሁም። ሁሉም አፌን ያያል። አንድ ቃል ብወረውር ግማሽ ዕድል አለኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ይህን አላወቅሁትም» አልኩ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ላቀው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ምን አልሽ?»

«አላወቅሁትም። ደረቅም ርጥብም አልልህም። ፀሐይ ይጨመርለትና ተመልሶ ይታይ።»

«እሱን ሁለት ጊዜ ለክቼው ሁለት ቁጥር ነው የሰጠችኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም አላወቅሁትም ነበር።» ኩባያውን ገፋ አድርጎ፣ «እማ፣ ካቻምና እንዲህ ብለሽኝ ቢሆን…»

«ካቻምና ብዬህ ቢሆን የሰው እህል አይሻግትም ነበር። ይህን አንተ አትነግረኝም። እኔ ነኝ የበላሁት፤ ስምንት ወር ከገንፎው ጋር።»

ወዛደሮቹ አልሳቁም። ላቀው ሊያጽናናኝ እጁን ትከሻዬ ላይ ሊያደርግ ሲል ገፋሁት፤ ለመጽናናት አልመጣሁማ።

«አሁን አንተ ስማኝ» አልኩት። «ዱካዬን ከበሩ አንሥተህ ሚዛኑ አጠገብ መልስ። ለወዛደር አትስጥ፣ አንተው ተሸከመው፤ ያነሣኸው አንተ ነህ። ራዲዮህን በስተቀኜ አስቀምጣት፤ አልጣላትም። እሷ አንድ ብላ እኔ ሌላ ካልኩ ጆንያው እስከ ታች ይፈታ። እኔ አላወቅሁትም ያልኩት ፀሐይ ላይ ይውጣ። ሐኪም ቤትም ስንሄድ ስለ አፌ የሚጠይቅ ሰው ካለ አንተ አትመልስ፤ አፍ አለኝ። ደግሞ ያረጋልን ጥራው። አዲሱ እህል ሲደርስ ወደኛ ያምጣ፣ በፊቱ እነክስለታለሁ፤ የካቻምናውን በቆሎ ያበላሸሁት እኔ እንጂ የሱ እጅ እንዳልሆነ ወዛደሩ ሁሉ እየሰማ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ። በል ስልክህን ከኪስህ አውጣ። ነገ አትበለኝ። እዚሁ ቆሜ እያየሁህ ደውል፤ ሲያነሣው ለኔ ስጠኝ።»